የእንጨቱ ጠመንጃ

ልጆችን ቲያትር ማሳየት ለአእምሯቸው ይበጃል የሚሉ ሰዎች ወይ ልጅ የላቸውም፣ ወይ ልጆቹን ይዛ የምትሄደው ሚስታቸው ናት። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሚስቴ ደግሞ በዚያ እሑድ አራስ እህቷን ልትጠይቅ አብርሃ ጅራ ሄዳለች። ስለዚህ መካሪዎቼን ሁሉ እያመሰገንኩ ደክሞኛል ብል አትፍረዱብኝ። ሰው በሥራ ይደክማል፣ በሙቀት ይደክማል፤ ገንዳ ውሃ ከተማ የሚኖር ሰው በሁለቱም ይደክማል። የእኔ ድካም ግን ሌላም ምንጭ አለው፤ እሱን ቀስ ብዬ አወጋችኋለሁ።

አንድ ውሸት አለችኝ። እናንተም ልጅ ካላችሁ አንድ ሁለት አታጡም፤ «መርፌው አያምም»፣ «ካልበላህ ጅብ ይመጣል» የምትሉት ዓይነት። የእኔዋ እንዲህ ናት። በእኛ አገር ጥይት ለብዙ ነገር ይተኮሳል፤ ሙሽራ ሲመጣ ይተኮሳል፣ ትልቅ ሰው ሲቀበር ይተኮሳል፣ አንዳንዴም ጠመንጃው ሥራ እንዳይፈታ ይተኮሳል። እኔም ይህን ልማድ ተገን አድርጌ፣ ከሩቅ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ለስድስት ዓመቷ ልጄ ለሶስና «ሠርግ ነው» እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ታምነኝ ነበር። «ሙሽራዋ ማን ናት?» ትለኛለች፤ እኔም ስም እፈጥራለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአፌ የዳርኳቸው ሰዎች በእውነት ቢጋቡ ኖሮ በመተማ ቆላ አንድ ላጤ ባልተረፈ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አበው። የእኔዋ እያደር ከበደች። ሶስና የሙሽራዋን ስም መጠየቅ ተወች። በር ሲጋጭ፣ ትራክተር ሲያጓራ፣ የሦስት ዓመት ወንድሟን ናቲን በእጁ እየጎተተች አልጋ ሥር መግባት ጀመረች። እዚያ ሥር ሆና አትጮህም፣ አታለቅስም፤ የናቲን ጆሮ በሁለት እጇ ሸፍና ዝም ትላለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የሚያለቅስ ልጅ አባብሎ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ዝም ያለውን ምን ታደርጉታላችሁ?

እንዲህ ጨንቆኝ ሳለ ነው የከተማችን ወጣቶች በአዳራሹ ስለ ደም መመለስ ቲያትር ሊያሳዩ መሆኑን የሰማሁት። ምነው፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ የምትሉ አትጠፉም። ነው። ግን ቲያትሩ አስተማሪ ነው፣ ዘፈንም የለበትም ተብሎ ታለፈ። ገዳይ ሆኖ የሚጫወተው ጌታሁን ነው፤ የትራክተር ሹፌር፣ መለዋወጫ ከእኔ ሱቅ የሚገዛ፣ ሶስናንም ስንቴ ከጎኑ አስቀምጦ ያንሸራሸራት። እኔም አሰብኩ፤ ጌታሁን ይተኩሳል፣ ሰውየው ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ የወደቀው ተነስቶ ለተመልካች እጅ ይነሳል። ልጄ ከተኩስ በኋላ የሚነሳ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ብታይ ፍርሃቷ ይለቃታል አልኩ። ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት በራሴ አዘዝኩ ማለት ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ገባን። የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ከላይ ታነደዋለች፣ ሰው ከታች ይታፈናል። ለምንጣሮ ከጎጃምና ከወሎ ቀድመው የወረዱ ሠራተኞች ከኋላ ቆመዋል። ናቲ መጋረጃው ሳይገለጥ ሦስት ጊዜ ሽንቴ መጣ አለ፤ ሁለቱ ሐሰት ነበሩ። የያዝንለትን ከርከዴ ግማሹን እሱ ጠጣ፣ ግማሹን ሸሚዜ ጠጣው።

አጠገባችን ጎረቤታችን አባ ፈንታሁን ተቀምጠዋል። እሳቸው የሠፈሩን ልጆች ጠብ በአንድ ቃል የሚያበርዱ ሽማግሌ ናቸው። ድንጋይ ያነሳ ልጅ ሲያዩ «በሕግ አምላክ!» ይላሉ፤ ይህን ተብሎ ያልቆመ ሰው ከሰው እንደማይቆጠርም አስተምረዋቸዋል። በእሳቸው ጊዜ ሽፍታ እንኳ ይቆምላት ነበር አሉ።

ቲያትሩ ተጀመረ፤ እውነቱን ለመናገር ደህና ነበር። ጌታሁን የወንድሙን ገዳይ ሲያሳድድ ቆይቶ አገኘው፣ አንበረከከው፣ ከእንጨት የተጠረበውን ጠመንጃ ደረቱ ላይ አነጣጠረ። እኔ ወደ ሶስና ጎንበስ ብዬ «የውሸት ነው እኮ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወንበሯ ላይ ወጥታ ቆመች።

«ጋሼ ጌታሁን! በሕግ አምላክ!»

ጌታሁን ቆመ። ስትቆጡት የሚስቅ፣ ስትለምኑት የሚቀልድ ጎረምሳ፣ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ወደ መሬት አወረደ። ከመጋረጃው ጀርባ ደራሲው በሹክሹክታ «ተኩስ እንጂ!» ሲል ሁላችንም ሰማነው።

«በሕግ አምላክ ተብዬ እንዴት አባቴ ልተኩስ?» አለ ጌታሁን፣ ሹክሹክታውንም ረስቶት።

የተንበረከከው ሟች አንድ ዓይኑን ገልጦ «ታዲያ ልነሳ?» አለ።

አባ ፈንታሁን በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «በሕግ ተይዟል እኮ። ይች ልዥ ከያዘችው ወዲያ ቢተኩስ ነውሩ የኛ የሽማግሎቹ ነው» አሉና መድረኩ ላይ ወጡ። ሁለት ሽማግሎች ተከተሏቸው። ደራሲው ገና የቀብር ትዕይንት አለ፣ አልቃሾቹም ተዘጋጅተዋል ብሎ ቢለምን ማን ሰምቶት። ገዳይና ሟችን አስማምተው፣ ትከሻ ለትከሻ አሳስመው፣ መርቀው ወረዱ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከኋላ ያሉት ሠራተኞችማ ፉጨቱን አቀለጡት። ማንም ስላልወደቀ ማንም አልተነሳም፤ የእኔ መድኃኒትም ሳይቀመስ ቀረ።

በባጃጅ ተመለስን። ናቲ ጭኔ ላይ አንቀላፍቷል። ሶስና እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ እኔም በድካሜ ላይ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

«ጠመንጃው እንጨት እንደሆነ አላየሽም?» አልኳት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጮህሽ?»

«ጋሼ ጌታሁን ቅርብ ነዋ። የእውነቶቹ ሩቅ ናቸው፣ ብጮህም አይሰሙኝም።»

የናቲን ራስ ክንዴ ላይ አስተካከልኩ። ባለ ባጃጁም በመስታወቱ አየንና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«አባዬ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባባ ፈንታሁን በጾም ሠርግ የለም ብለውኛል።»

አፈርኩ። ስንት ሙሽራ ስድር ቀን መቁጠሩን ረስቼው ነበር። ልጄ ውሸቴን መቼ እንዳወቀችብኝ፣ ስንት ጊዜስ እያወቀች ዝም እንዳለችኝ ልጠይቃት አሰብኩ፤ አልደፈርኩም። ከእንግዲህ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ግን አላውቅም ነበር።

ቤታችን ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከወንዙ ማዶ ተተኮሰ። አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት። ባለ ባጃጁ ፍጥነት ጨመረ። ናቲ ባንኖ ተነሳና «ምንድን ነው?» አለ። እኔ አፌን ከፍቼ ቃል ስፈልግ ሶስና ቀደመችኝ። ጆሮዎቹን በሁለት እጇ ሸፈነችለትና፣ እሱን ሳይሆን እኔን እያየች፣

«ሠርግ ነው፤ ተኛ» አለችው።

ሁዳዴ ሊፈታ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር።