የእድሪስ ጀልባና የእኔ መጋዝ

«አላውቅም» ማለት ከባድ ነገር ነው። ስለ ሌላው አገር አልናገርም፤ እኛ ከሚሴዎች ግን መንገደኛ ቆም ብሎ የማናውቀውን ቤት ቢጠይቀን ቢያንስ አንድ አቅጣጫ ሳንጠቁም አንሸኘውም። ባዶ እጁን መስደድ ነውር ነዋ። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ አናጢ ነኝ። በርና አልጋ የሠራ እጅ ምን ያቅተዋል?

የእህቴ የዘሃራ ባል እድሪስ አሰብ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ፣ ሰው ጠቅልሎ ሲመለስ አብሮ ተመለሰ። ሌላው ፍራሽና ቴሌቪዥን ይዞ ሲመጣ፣ እሱ በጨው መኪና ባለሸራ የእንጨት ጀልባ ጭኖ እኔ ግቢ አራገፈ። ሐይቅ ወስዶ ዓሣ ሊያጠምድባት፣ ልጆቹን ሊያሳድግባት ነው። ክፋቱ፣ መንገድ ላይ ስትንገጫገጭ ሆዷ ሥር ተጎድታለች።

«ሙሄ፣ የታችኛው እንጨት ተሰንጥቋል። ትጠግነዋለህ?» አለኝ።

«ይኸማ ምን አለው» አልኩት። ጀልባ በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሱ ዘመድ ሊጠይቅ ባቲ ወረደ። እኔ ጀልባዋን ላቆማት ብል ወደ ግራ ጋደል አለች። ሳቃናት ወደ ቀኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወፍራም እንጨት ከሆዷ በታች ወጥቷል፤ የተሰነጠቀውም እሱ ነው። የሠራትን አናጢ በልቤ ታዘብኩት። እኔ የሚወዛወዝ አልጋ ሠርቼ ብሰጥ ከሚሴ ታኖረኛለች? መጋዜን አንስቼ እንጨቱን ከሥሩ ቆረጥኩት፤ ቦታውን በመላጊያ ላግሁት፤ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንኩት። ጀልባዋ እንደ ሶፋ ቁጭ አለች። ጎረቤቴ አባ ዓሊ ገብተው ተቀመጡባትና በኦሮምኛ «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ»፣ ጥሩ ነው፣ እያሉ አመሰገኑኝ። የተቆረጠውን እንጨት ዘሃራ ፈልጣ ምሳ አበሰለችበት።

እድሪስ ተመለሰ። ጀልባዋን ዞራት፣ ጎንበስ አለ፣ እንደገና ዞራት።

«ሙሄ፣ ያ እንጨትስ?»

«ጣልኩልህ። ከእንግዲህ አትወዛወዝም» አልኩት በኩራት።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ። ከዚያ በለሆሳስ፣ «የጣልከው አከርካሪዋን ነው። ያለ እሱ ነፋስ ሲመታት ወደ ጎን ትንሸራተታለች እንጂ ወደፊት አትሄድም» አለኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። የዚያን ቀን ምሳ ማንም አልነካውም።

ሦስት ቀን ሙሉ ከዋንዛ ግንድ አዲስ አከርካሪ ጠረብኩ። እድሪስ ዓይኑን ከመጋዜ ላይ አልነቀለም። በመጨረሻ ዙህር ሊሰግድ መስጊድ ሲሄድ ግን፣ ደርሶ እንዲደሰት ብዬ፣ ብቻዬን ገጥሜ ብሎኑን ሁሉ አጠበቅሁት።

ሐይቅ ወስደን ብንገፋት ተንሳፈፈች፤ አልሐምዱሊላህ። ሸራው ነፋስ ሲሞላ ሄደች፤ ወደ ግራ። እድሪስ መሪውን ወደ ቀኝ ቢጠመዝዘውም ወደ ግራ። ትልቅ ክብ ሠርታ እኔ ወደቆምኩበት ዳርቻ ተመለሰች። አከርካሪውን አጣምሜ ገጥሜው ኖሯል። በየት በኩል እንደምሸሽ ሳስብ፣ እድሪስ ሁለተኛውን ዙር ጀመረ። ይሁን ብሎ መረቡን ከኋላው ለቀቀው። ጀልባዋ ስትዞር መረቡም አብሮ ዞረ፤ መሐል ያለውን ዓሣ ሁሉ በረት እንደገባ በግ ከቦ ያዘው። ለመጎተት የሌሎች አጥማጆች እጅ አስፈለገ። እድሪስ እንባ በዓይኑ ሞልቶ አቅፎ ሳመኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አምስት የሐይቅ አጥማጆች የየራሳቸውን ጀልባ ጭነው ከሚሴ ድረስ መጡ፤ «እንደ እድሪስ አድርገህ አጣምምልን» ብለው። ይኸው በሜትር እየለካሁ፣ እየተጨነቅሁ፣ ቢስሚላህ እያልኩ አምስት አከርካሪ ገጠምኩ። አምስቱም ቀጥ ብለው ወጡብኝ።