አንድ ሰው የቀራት መኪና

መኪና የሚያውቁ ሰዎች መኪናን በስሪቱ፣ በሞተሩ ጉልበትና በዕድሜው ይከፋፍሉታል። እኛ ተሳፋሪዎች ግን፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ የምናውቀው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ የሞላና ያልሞላ። የሞላው ይሄዳል። ያልሞላው አንድ ሰው ይጠብቃል። ያ አንድ ሰው ከተሳፈረ በኋላም ሌላ አንድ ሰው ይጠብቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ቡታጅራ የአሮጌ አውቶሞቢሎች ትርኢት አለ ሲሉኝ ከወልቂጤ በማለዳ ተነሳሁ። ለማስተማር እንኳ በዚያ ሰዓት አልነሳም። ሌላ ሰፊ ቦታ ጠፍቶ ነው መሰለኝ ትርኢቱ የተዘጋጀው መናኸሪያው ውስጥ ነበር። ሚኒባሶቹ ለዕለቱ ወዴት እንደተዛወሩ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ከሁሉም ዓይኔን የያዘችው የከድር መኪና ናት። ከድር የመስቃን ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። አባቶቻችን ጎረምሳ ሳሉ የተሠራችውን አውቶሞቢል አራት ዓመት ሙሉ ሲያድሳት ኖሯል፤ ለቁመቷ የማይመጥን ትልቅ ሞተር ገጥሞ፣ ወገቧን ዝቅ አድርጎ፣ ጥቁር ኮፈኗ ላይ ቀይ የእሳት ነበልባል አስሎ። ከታደሰች ወዲህ መንገድ አልወጣችም፤ ቡታጅራም የመጣችው በጭነት መኪና ተጭና ነው። መኪኖቹን የሚያወዳድሩት ዳኞች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያዩዋታል። እስከዚያ ከድር የሰው ትንፋሽ ያረፈበትን ሁሉ በጨርቅ እየተከተለ ይወለውላል።

እማማ ዘይነባ የመጡት ይህን ጊዜ ነው። ቆጮና ቅቤ የያዘ ዘንቢል አንጠልጥለው፣ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው፣ በተከፈተው የኋላ በር ገብተው ተቀመጡ።

"ስንት ሰው ቀረ?"

"እማማ፣ ይቺ እኮ ለመታየት ነው የመጣችው" አለ ከድር።

"አየኋት እኮ። ልጄ ወልቂጤ ሆስፒታል ትናንት ወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መኪና የለም።" ከዚያ ኮፈኑን ቀና ብለው አዩት። "ተቃጥላ ነበር እንዴ? እንኳን አተረፈልህ።"

ሰው የተቀመጠበት መኪና ሰው ይጠራል። ከድር ኮፈኑን በጨርቅ ሲወለውል ሁለት ገበሬዎች ምንም ሳይጠይቁ ከእማማ ጎን ገቡ። ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ የተደገፈው ተራ አስከባሪ ይህን ሲያይ ነፍስ ዘራ። "ወልቂጤ፣ ወልቂጤ፣ አንድ ሰው የቀረው!"

ከድር ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ተኩል። ዘንቢሉን አየ፤ ቅቤው ወደ ቆዳው ወንበር መንጠብ ጀምሯል። ቢያስወርዳቸው እኔ አልፈርድበትም ነበር። ተራ አስከባሪው ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው" አለኝ።

የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገሩን ማስረዳት እችል ነበር። የፊት በሩን ከፍቼ ገባሁ።

ከድር ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ቁልፉን አዞረ። ከከተማው እስክንወጣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነዳ። ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ስንደርስ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ በአንድ እጁ ይነዳ ነበር።

እማማ ዘይነባ ሆስፒታሉ በር ላይ ወርደው መረቁት። "ሕፃኗ ስታድግ፣ አያትሽ በእሳት መጥታ አየችሽ እላታለሁ" አሉት።

"ይሄኔ ዳኞቹ ባዶውን ቦታ አይተው አልፈዋል" አለኝ ከድር፣ ገበሬዎቹን ወልቂጤ መናኸሪያ ካወረድን በኋላ። አላዘነም ማለት አልችልም። የቅቤውን ጠብታ ሊጠርግ ጨርቁን አወጣ፤ ጥቂት አየውና ተወው።

ተሰናብቼው ጥቂት እንደተራመድኩ ከኋላዬ፣ "ቡታጅራ፣ ቡታጅራ፣ አንድ ሰው የቀረው" የሚል ጥሪ ሰማሁ። ዞርኩ። የሚጣራው ተራ አስከባሪ አልነበረም፤ ከድር ነበር።

መኪናዋም ባዶ ነበረች።