የሽፈራው ሩሲያኛ

ሰው ውጭ አገር ከመሄዱ በፊት ቋንቋ የሚማረው ለማን ብሎ ነው? ለሚሄድበት አገር ሰዎች እንዳትሉኝ። ለጎረቤት ነው። የቦሌው ጎረቤቴ ሽፈራው፣ ለሥልጠና ሞስኮ እንደሚላክ ከሰማበት ቀን ጀምሮ አማርኛ ከበደው። ከአንዲት ትንሽ መጽሐፍ እያጠና፣ ባለሱቁን በሩሲያኛ ስኳር ይጠይቀው ጀመር። ስኳር በአማርኛም አልነበረም።

ችግሩ፣ ለመሄድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይሁንታ ያስፈልገው ነበር፤ ጊዜው ደግሞ የወጣ ሁሉ በዚያው ይቀራል ተብሎ የሚጠረጠርበት ነው። ሽፈራው ግን ምን ገዶት! ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ያጠናውን እየተረጎመ አንበለበለው፦ «ርቦኛል»፣ «ብርዱ ከፋ»፣ «አንድ ድገሚኝ»፣ «እንዴት ታምሪያለሽ!» እኛም አጨበጨብን። በዚያን ዘመን ያላጨበጨብንለት ነገር ምን አለ?

ሊቀመንበሩ ብቻ አላጨበጨበም።

«ጓድ ሽፈራው፣ እስቲ ‹ወደ አገሬ እመለሳለሁ› በልልኝ።»

ሽፈራው ትንሿን መጽሐፍ ከኪሱ አውጥቶ ያገላብጥ ጀመር።

«እህ?»

«እሱ... ገና አልደረስኩበትም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንግዲያው ስትደርስበት ትሄዳለህ!»

«ወይ ልጄ፣» አሉ ከኋላዬ የተቀመጡት እትዬ አስካለ፣ «ከ‹ታምሪያለሽ› በፊት እሷን ብታጠና ምን ነበረበት?»

በእሱ ፈንታ አንዲት የሩሲያኛ ቃል የማያውቅ ሰው ተላከ። «እመለሳለሁ» ያለው በአማርኛ ነው፤ እስካሁን አልተመለሰም።

ሽፈራው ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ዛሬ እንደ ሞስኮ ተወላጅ ያቀላጥፋታል። አውሮፕላን በቤታችን ጣሪያ ላይ ባለፈ ቁጥር ደጁ ላይ ቆሞ ቀና ይልና፣ ጥርት ባለ ሩሲያኛ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ይናገራል።