አምባሳደሩና ያልታጨደው ሳር

አንድ ጊዜ ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ እመኑኝ፣ አልተመለሰም። ሥጋው ሰቆጣ ገበያ ውስጥ በርበሬ ይገዛል፤ ነፍሱ ግን ገና እዚያው ናት። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር አምባሳደር አያ የሻምበል ናቸው።

ሹመቱን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ሥራቸውስ ንብ ማነብ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ጀርመን ያለችው ልጃቸው ጋብዛቸው፣ በሚያዝያ ወር ሃያ አንድ ቀን ቆይተው መጡ። ያቺን ሃያ አንድ ቀን ስድስት ዓመት ሙሉ አውርተው አልጨረሷትም።

«ከአየር ማረፊያው ልጀምር» ይላሉ ሁልጊዜ። «አያ የሻምበል፣ አየር ማረፊያውን እናውቀዋለን፤ ይዝለሉት» ብትላቸው፣ ሻንጣቸው የተመዘነበትን ሚዛን ጨምረው ይነግሩሃል። ለቅሶ ቤት ይጀምራሉ። ባጃጅ ውስጥ ይጀምራሉ። እንደተቀመጡ የሌለ የአውሮፕላን ቀበቶ በእጃቸው ሲዳብሱ ሾፌሩ «ምን ጠፋብዎት፣ አባቴ?» ይላል፤ ያኔ አለቀልን።

ዋናው ወሬያቸው የዚያ አገር ጸደይ ነው። ሚያዝያ ላይ፣ እኛ አቧራ እየቃምን የከብቶቻችንን ጎድን ስንቆጥር፣ እሳቸው «እዚያ እኮ ይኼኔ ሳሩ እስከ ጉልበት ነው! ደግሞ አያጭዱትም!» ይሉናል። መናፈሻ ውስጥ ሳሩ ሲባክን ማየት አልችል ብለው፣ በልጃቸው የዳቦ ቢላዋ ሁለት እስር እንዳጨዱና ፖሊስ እንደመጣባቸው ያለ አንዳች ኀፍረት ይናገራሉ። ፖሊሱ በልጃቸው በኩል «ለማን ነው?» ብሎ ቢያስጠይቃቸው «ለሚፈልግ» ብለውታል። ይህን የሰማ አንድ የአበርገሌ ባለፍየል «በስመ አብ! ፍየሎቼን ነድቼ በእግሬ እሄዳለሁ» ብሎ ከተቀመጠበት ተነስቷል። አበባውንማ ተዉት። ቅጠል ሳያወጣ ነጭ በነጭ የሆነ ዛፍ ሥር ቆመው፣ አላፊ አግዳሚውን «ቀፎው የማነው?» ሲሉ ውለዋል።

እኔ እሳቸውን ከሩቅ ሳይ መንገድ የምቀይር ሰው ነበርኩ።

ዘንድሮ እህቴ ጸሐይነሽ፣ እዚያው ጀርመን፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሆነ። እናቴ ለተሥላሴ ሄዳ እንድታርሳት ቪዛው ወጣ፣ ቲኬቱ መጣ፣ የገንፎ ዱቄቱ፣ ቅቤውና ነጩ ማር ታሸገ። ሳምንት ሲቀረው እናቴ «በሰማይ የሚሄድ መልአክ ነው፤ እኔ አልሄድም!» ብላ ቁጭ አለች። እኔ ለመንኩ፣ የነፍስ አባቷ መከሩ፤ ወይ ፍንክች! እህቴ በስልክ «እማዬ፣ ብቻዬን ልወልድ ነው?» ብላ አለቀሰች። እናቴም አለቀሰች። አልተነሳችም ግን።

ይኼኔ አምባሳደሩ ሳይጠሩ መጡ። በርጩማዎቹን እንደ አውሮፕላን ወንበር ሁለት ሁለት አድርገው ደረደሩና እናቴን በመስኮቱ በኩል አስቀመጧት።

«መቀነትዎን ጠበቅ፤ ቀበቶ ነው። ምግብ ሲያመጡ የጾም አምጡልኝ ይበሉ። የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ ነጠላዎን ሰብሰብ!»

«ሲነሳስ፣ አያ የሻምበል? ልቤ ቀጥ ቢልስ?»

ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። አሁን ግን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ አልቅሻለሁ፣ እትዬ ለተሥላሴ» አሉ። «የማላውቃትን ሴትዮ እጅ ይዤ እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልጄን አየር ማረፊያው በር ላይ ቆማ አየኋት። ሳሩም አበባውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሷን ባላገኝ ሳሩ ምን ያደርግልኝ ነበር?»

እናቴ መቀነቷን አጠበቀችና «በሉ፣ ሻንጣውን አቅርቡልኝ» አለች።

ትናንት እናቴ ከጀርመን ደወለች። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው፣ እልል! እኔ ስለ ሕፃኗ ስጠይቃት፣ እሷ «ለአያ የሻምበል ንገርልኝ» አለችኝ፤ «ያሉት እውነት ነው፤ ሳሩን ዘንድሮም አላጨዱትም።»

መልእክቱን ይዤ ሄድኩ። ቀፎ ሲያጥኑ አገኘኋቸው፤ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ቤታችን ያለ እናቴ ጭር ብሏል፤ ናፍቃኛለች፣ ምን እደብቃለሁ። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እስቲ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ተጠራጥረው አዩኝ። «የአበባውን ብቻ ልንገርህ?»

«ኧረ ከአየር ማረፊያው ይጀምሩ፣ አያ የሻምበል። ሚዛኑንም እንዳይዘሉት።»