ጠያቂው ይዞት የመጣው ቃል

እኛ ጉደር በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ “ከሳሽ፣ ጠቆርሽ” ሳይል የሚቀመጥ ሰው አይታችኋል? ልጄ ከታይፎይድ ስታገግም እንዲህ ባሏት ቁጥር አጥሚቷን ትገፋለች። ሐኪሙ ደግሞ “ካልበላች ተመልሳ ትተኛለች” ብሎኛል። ስለዚህ በር ላይ ቆሜ ጠያቂውን ሁሉ አስጠነቀቅሁ።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ስለ መልኳ በአማርኛም በኦሮምኛም ላይናገሩ ቃል ገቡልኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ገብተው አዩዋትና “ሃጋርድ” አሉ።

ልጄ የአጥሚት ኩባያዋን አስቀመጠች። “ትርጉሙ ምንድን ነው፣ ቲቸር?”

“ድካም ፊቱን የበላው፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሰው።”

ኩባያውን አንስቼ መልሼ አቀበልኋት።

“በዓረፍተ ነገር ላስገባው?” ብላ ወደ እኔ ዞረች። “እናቴ እኔን ስታስታምም ሃጋርድ ሆነች።”

አጥሚቱን እስከ ግማሽ ጠጥታ ኩባያውን ሰጠችኝ። “የቀረው ያንቺ ነው፣ እማዬ።”

ተመስገን ብዬ ጠጣሁ።