ቀይ ቴስት በሽምግልና

እናንተ ሰፈር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ሸዋ ሮቢት ግን ጣሪያ ሲያፈስ የሚወቀሰው ጣሪያው አይደለም፤ «ያፈሳል» ብሎ የተናገረው ነው። እንግዳ በተቀመጠበት ከተናገረማ አለቀለት። ጠብታው አናቱ ላይ እየወረደ ፈገግ ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ጨዋ ይባላል። እኔም ጨዋ ነኝ። ዝምተኛ ነኝ ማለቴ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩት ልጄን ሳረግዝ ነው። ኮድ መጻፍ የተማርኩት ደግሞ እሷን እያጠባሁ፣ ከስልክ ላይ። የከተማችን ልጆች ተሰባስበው ለሽንኩርት ገበሬዎች የመስኖ ውሃ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ሲሠሩ እኔንም አስገቡኝ፤ ቴስት እንድጽፍ። ቴስት ማለት ኮዱ ሥራውን በትክክል መሥራቱን የሚመረምር ሌላ ትንሽ ኮድ ነው። ከመካከላችን አንዱ የሆነ ነገር በለወጠ ቁጥር ቴስቶቹ በራሳቸው ይሮጣሉ፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተበላሸ ቀይ። ቀዩም ከለዋጩ ስም ጋር በሁላችንም ስልክ ላይ ዱብ ይላል። ይህን ሥራ ማንም አይፈልገውም። የሰው ነውር ፈላጊ መሆን ነዋ!

ሰይድ የሚባል ዲግሪ ያለው ልጅ አለን። ሁለቴ እየተመዘገቡ ሁለት ተራ የሚወስዱ ብልጦች ስላስቸገሩ «አንድ ስልክ፣ አንድ ተራ» የሚል ኮድ ጻፈ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ስልክ የሌለው ሰው ባይኖር። እናቴ ስልክ የላትም። የተመዘገበችው በኔ ቁጥር ነው፤ የኔና የባለቤቴ ማሳም በዚያው ቁጥር። እንደሷ ያለው ብዙ ስለሆነ «ሁለት ገበሬ በአንድ ስልክ ቢመዘገቡ ሁለቱም ውሃ ይድረሳቸው» የሚል ቴስት ቀደም ብዬ ጽፌ ነበር። የሰይድ ኮድ ሲገባ ቀላ። ከነስሙ።

ሰይድ አኮረፈ፤ ሰላምታም ነሳኝ። በማግስቱ ከዞን የሚመጡ እንግዶች ሥራችንን በትልቅ ስክሪን ሊያዩ ነው። የቡድናችን ታላቅ ጋሼ ታደሰ ሁለት የቡድኑን ልጆች አስከትለው ቤቴ መጡ። ኮዱን ለማስተካከል እንዳይመስላችሁ፤ እኔንና ሰይድን ለማስታረቅ!

«ረምላዬ፣ ልጁን በሰው ፊት አዋረድሽው እኮ» አሉኝ።

«እኔ መቼ ተናገርኩ ጋሼ? ቴስቱ ነው።»

«ቴስቱን የወለድሽው አንቺ አይደለሽ? እንግዶቹ እስኪሄዱ ዝም አሰኚው። በገዛ እጅሽ ሲሆን ነው ዕርቅ የሚባለው።»

ከሳሽ ክሱን ካላነሳ ዕርቅ የለም፤ ደንብ ነው። በገዛ እጄ ዘጋሁት። ስክሪኑ እንደ ነሐሴ ማሳ አረንጓዴ ሆነ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ሰይድ ጨበጠኝ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ከሄዱ በኋላ «አሁንስ ልመልሰው?» ብል፣ ጋሼ ታደሰ «የዳነ ቁስል አትነካኪ» አሉኝ።

የእናቴ ተራ ደረሰ። ቦዩን የሚከፍቱት የውሃ አባት ፕሮግራማችን ያወጣውን ተራ ስልካቸው ላይ ደጋግመው አይተው «እዚህ ላይ የሉም» አሏት። ሮጬ ሄጄ ብለምናቸው፣ «የኔ ልጅ፣ እናትሽን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ግን የሉም» አሉኝ። እናቴ አጠገባቸው ቆማለች።

ሽንኩርቷ ራስ መቋጠር የጀመረበት ሰዓት ነበር። በቆላ ፀሐይ ቅጠሉ መሬት ላይ ተኛ።

ስብሰባ ተጠራ። «ታዲያ ቴስቱ ለምን አልቀላም?» አለ ሰይድ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዘጋውን ሰው ስም ጮክ ብሎ አነበበ። የኔ ስም ነው። ኮምፒውተር ማን እንደዘጋ እንጂ ማን እንደሸመገለ አይመዘግብም።

በዚህ ጊዜ ጋሼ ታደሰ እነዚያኑ ልጆችና እኔን አስከትለው እናቴ ቤት ሄዱ፤ ስለኔ ይቅርታ ሊለምኑ። «ልጅ ናት፣ ተሳስታለች፣ አፉ ይበሏት እትዬ» አሏት።

እናቴ እነሱን አየች፤ እኔን አየች።

«አፉ ብያለሁ። ልጄ አይደለች?» አለች። «ውሃዬስ መቼ ይለቀቅልኛል?»

ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

«እሱ በሂደት ላይ ነው።»