በጋሼ ዘይኑዲን ጆሮ ላይ የተደረገ ውይይት

የጭድ ተራ አካባቢ አምፕሊፋየር ሠሪዎችና ቾክ ጠምጣሚዎች ማኅበር፣ የልኬት ኮሚቴ
ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መርካቶ፣ የወ/ሮ ሪሐና ሱቅ ቆጥ ላይ

የተገኙ፦
1. አቶ ጀማለዲን፣ ሰብሳቢ
2. ጋሼ ዘይኑዲን፣ ለኪ
3. ወ/ሮ ሪሐና፣ ቾክ ሻጭ
4. አቶ ካሳ፣ አምፕሊፋየር ሠሪ
5. ሎዛ፣ ጸሐፊ (የመምረጥ መብት የሌላት)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ያልተገኘው አባል ብሩክ ከታች ሆኖ «አለሁ!» ስላለ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ተመላሽ ቾኮች

አቶ ካሳ፣ ቾክ የአምፕሊፋየርን ጉርምርምታ እንዲያጠፋ የተጠመጠመ ሽቦ ሆኖ ሳለ፣ የእሳቸው አምፕሊፋየር ሠርግ ላይ ከሙሽራው አጎት በላይ ማጉረምረሙን ገለጹ። ሄንሪ የቾክ መለኪያ ሆኖ ሳለ፣ ማኅበሩ የለካቸው ቾኮች ትልቁም ትንሹም «አምስት ሄንሪ» መባላቸውንም ተቃወሙ። ሰብሳቢው ይህ የጥራት ወጥነት መሆኑን አስረዱ።

አጀንዳ 2፦ ልኬቱን ስለማረጋገጥ

ብሪጅ የተባለው መለኪያችን በጆሮ ማዳመጫው ያፏጫል፤ ማዞሪያው ሲዞር ፉጨቱ የጠፋበት ቁጥር የቾኩ ልክ ነው። ጋሼ ዘይኑዲን ከተመላሾቹ ቾኮች አንዱን ገጥመው፣ ማዳመጫውን አጥልቀው፣ ማዞሪያውን ሳይነኩ፣ «ጸጥ ብሏል። አምስት ብለሽ ጻፊ» አሉ። አቶ ካሳ ተቀብለው ቢያዳምጡ፣ «ኧረ እንደ ወባ ትንኝ ይጮሃል!» አሉ። ወ/ሮ ሪሐና ከውጭ በሚሰማው የተሸካሚዎች «ዞር በል!» የተነሳ ምንም መለየት እንዳልቻሉ አስመዘገቡ።

ተሸካሚዎቹ ለጊዜው በሹክሹክታ እንዲሠሩ ለመጠየቅ አቶ ካሳ ተልከው ወረዱ። «መጣህ? በል ያዝ!» ተብለው ጆንያ ተሸክመው፣ በርበሬ በረንዳ አድርሰው፣ እያስነጠሱ ተመለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጸጥታ መኖር አለመኖሩ እጅ በማውጣት እንዲወሰን ተደርጎ፣ ሁለት ለአንድ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ ጸጥ ብሏል ተባለ። ጸሐፊዋ ፉጨቱን ከተቀመጠችበት እንደምትሰማ ብታመለክትም፣ የማይመርጥ ሰው ጆሮ እንደማይቆጠር ተነገራት። ጸሐፊዋ ተናዳለች፤ ይያዝልኝ ብላለች።

አጀንዳ 3፦ በድንገት የተነሳ

ወ/ሮ ሪሐና፣ «ጋሼ አይሰሙም እኮ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲለኩ የኖሩት፣ እዚህ ያለነውን ሁሉ ሽቦ መጠምጠም ያስተማሩን ሰው ከለኪነት እንዲነሱና በምትካቸው በዓይን የሚነበብ መርፌ ያለው ሜትር እንዲገዛ ተወሰነ።

ሰብሳቢው፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ይረፉ ብለናል» ቢሏቸው፣ «አሚን፣ አንተንም አላህ ይባርክህ» ብለው መለሱ። ጮክ ተብሎ እንዲነገራቸው ሐሳብ ቢቀርብም፣ ሰብሳቢው ተራው ሁሉ እየሰማ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው እንደማይወጣ ገለጹ። አቶ ካሳ እኔ እነግራቸዋለሁ ብለው ተነሡ፤ ጎንበስ ብለው የጋሼን ጫማ ክር አስረው ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ጽፋ እንድታሳያቸው ብትታዘዝም፣ እስክሪብቶዋ ቀለም መጨረሱን እዚሁ ላይ ጽፋለች።

በመጨረሻም ጋሼ ዘይኑዲን እንዲህ ሲሉ የመዝጊያ ንግግር አደረጉ፦ «ብዙ ስብሰባ አይቻለሁ። እንደ ዛሬ ሰው ሳይጮህ፣ ሳይጨቃጨቅ ያለቀ አላየሁም። ልጆቼ፣ ትልቅ ሰው ሆናችኋል።» ወ/ሮ ሪሐና በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ስብሰባው 10፡20 ላይ ሲበተን የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ ጭቅጭቅ እንዳልነበረ ለኪያችን ስላረጋገጡ፣ የሚያጨቃጭቅ አጀንዳም አልነበረም። አጀንዳ ስላልነበረ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ቾኩ አምስት ሄንሪ ነው።